ማሲንቆው የአያ እገሌ፣ ጉዞው የእኔ?

ለዚህ ዓምድ የሚጻፈው አብዛኛው ደብዳቤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናትና ስለ አማት ነው። የዛሬው ግን ለየት ይላል። ፍቅርም አለበት፣ አማትም አለችበት፤ ዋናው ጉዳይ ግን … ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው! አትሳቁ፣ ነገሩ ከባድ ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከሐሙሲት ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሄደ ሰው ከተማዋን ያውቃታል። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው፤ "ግራ የገባኝ ከሐሙሲት" ብሎ ፈርሟል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሞባይል ጥገና ቤት ይሠራል። ማታ ማታ በአሮጌ ላፕቶፕ ሙዚቃ ያቀናብራል። ጎረቤቱ አንድ አዛውንት አዝማሪ አሉ፤ እኛ "አያ እገሌ" እንበላቸው። በገበያ ቀን ጠጅ ቤት ማሲንቆ ይጫወታሉ። ልጁ እሳቸውን በስልኩ ቀዳቸው፣ ድምፁን ቆራረጠው፣ ከሥሩ ከበሮና ቤዝ አስገባበትና አራት ሙዚቃ ሠርቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ከዚያማ ምን ይምጣ? ከአውሮፓ ጥሪ! ከየአገሩ የሚመጡ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች የሚሰባሰቡበት ዝግጅት ላይ ተገኝቶ ሠላሳ ደቂቃ እንዲጫወት ተጋበዘ። ማደሪያና ምግብ በእነሱ ነው። ስለ አውሮፕላን ትኬት ግን ምንም አልተባለም።

ጭንቀቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ጓደኞቹ "እዚያ ሄደህ ማሲንቆ ብታሰማቸው ይስቁብሃል፣ እንደነሱ ተጫወት" ይሉታል። ሁለተኛ፣ ለትኬቱ ያለው ገንዘብ ከእጮኛው ጋር ለሠርግ ብለው በእቁብ ያጠራቀሙት ብቻ ነው። እጮኛው "ሂድ" ብላዋለች፤ የወደፊት አማቱ ግን ከሰሙ ወዲህ ሰላምታም ነስተውታል። ሦስተኛው እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ነው። የምሥራቹን ለአያ እገሌ ሲነግራቸው ደስ ብሏቸው መረቁት፤ ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉት፦ "ታዲያ ልጄ፣ እኛ መቼ ነው የምንሄደው?"

ልጁ መልስ አልነበረውም። "እንግዲህ እናያለን" ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሳቸው በር ማለፍ ትቶ በጓሮ እየዞረ ነው ወደ ሥራው የሚሄደው።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በተራ በተራ እንየው።

ይስቁብኛል ወይ?

ጓደኞችህ ይሄ ሙዚቃ የፈረንጅ ብቻ መስሏቸው ነው። እንግዲህ አንድ ታሪክ ልንገርህ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ያዝልኝ።) በ1944 ካይሮ ውስጥ ሐሊም ኤል-ዳብ የተባለ ወጣት ግብፃዊ ድምፅን በሽቦ ላይ የሚቀዳ ከባድ መሣሪያ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ የዛር ሥርዓት ወደሚካሄድበት ቤት ገባ። የሴቶቹን ድምፅ ቀዳ። ከዚያ ስቱዲዮ ውስጥ የገደል ማሚቶ እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ እያራቀ አዲስ ነገር ሠራበት። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ መሥራት የጀመረው በ1948 ነው። አየህ? ግብፃዊው በአራት ዓመት ይቀድመዋል! የጀመረውም "ዛር" ብለን እኛም ያለ አስተርጓሚ ከምናውቀው ነገር ነው።

ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውንና ከበሮውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተው እሱ ነው። በኤሌክትሪክ ሙዚቃ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ የሚቆም ሰው እኛ አገር ሲመጣ የሰበሰበው ማሲንቆና ክራር መሆኑን ለጓደኞችህ ንገርልኝ።

ቀረብ እንበል። አንጋፋው ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዘው እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ራሱ ከሚመታ ከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው፣ ብቻቸውን ሁሉንም ተጫውተው አንድ ካሴት አወጡ። ከዚያ ዓመታት አለፉ። እሳቸው ዋሽንግተን አጠገብ ኤርፖርት ላይ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አስቀምጠው ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር።

ታዲያ ያ ካሴት የት ተገኘ መሰለህ? ባሕር ዳር! ያንተው ጎረቤት! ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት አሳዳጅ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፣ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለላቸው፣ ተስማሙ፣ በ2013 እንደገና ታተመ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ መርጊያ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ቆሙ፤ በ2018 "ላላ በሉ" የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። የልጅ ልጅ የሚሆኗቸው የዳንስ ሙዚቃ ወዳጆች ናቸው ተሰልፈው የገቡት። እና ማን ሳቀ?

ከዚያ ወዲህማ መንገዱ ሰፍቷል። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 "ዘላለም" የተባለውን ሥራውን በአሜሪካ አሳታሚ በኩል አወጣ። እንደገና ሙሉ "ኢትዮጵያን ሪከርድስ" በሚል ስም እየሠራ ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" የሚል ስያሜ ሰጠው። ሮፍናን በ2018 በ"ነጸብራቅ" ምን እንዳደረገ ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ አጭር ነው፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ከበርሊን የሚመጣው ልጅ የበርሊኑን "ዱም ዱም" ካንተ በተሻለ ያውቀዋል፤ አድጎበታል። አንተን የጠሩህ ያንን እንድትደግምላቸው አይደለም።

አንድ የእጅ ሥራ ምክር ግን ልጨምር። ከሙዚቀኛ ጓደኞቼ የሰማሁት ነው። ማሲንቆ ባለ አንድ ጭራ ነው፤ ተጫዋቹ የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ እንዲስማማ አድርጎ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ድምፁን እንደ ፒያኖ እኩል እኩል አድርጎ ነው የከፈለው። ሁለቱን ስታገናኝ አንዱ ይጣመማል። ብዙ ልጆች በዚህ ጊዜ ማሲንቆውን "አስተካክለው" ከማሽኑ ጋር ያስማሙታል። አንቺ ሆዬው አንቺ ሆዬ መሆኑ ይቀራል! አንተ ማሽኑን ወደ ማሲንቆው አምጣው፤ የሲንተሳይዘሩን ድምፅ በጥቂት በጥቂቱ ማንሳትና ማውረድ ይቻላል። ችክችካውንም በግድ አራት በአራት አታድርገው። ትከሻ የሚያነቃንቀው ያ ስድስቱ ምት ነው።

አያ እገሌስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣህ ነው፣ አትቀየመኝ። ጽሑፍህ ውስጥ "የእኔ ሙዚቃ" የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። "ፈቀዱልኝ" የሚል ግን አንድም ቦታ የለም። ስልክህን አውጥተህ ስትቀዳቸው አይተውሃል፣ ፈገግም ብለዋል። ይሄ ግን "ቆራርጠህ አውሮፓ ውሰደው" ማለት ነው እንዴ? ጠጅ ቤት ውስጥ ስንቱ ነው ስልክ የሚደቅንባቸው!

"ዜማው የሕዝብ ነው፣ የማንም አይደለም" ልትለኝ ትችላለህ። እሺ፣ ዜማው የሕዝብ ይሁን። ጣቱና ቀስቱ ግን የእሳቸው ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ሕግ አዋቂ አይደለሁም። አዋጅ ማንበብ ግን ማንም ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቃ የደረሰውን ሰው ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። ከዋኙን፣ ማለትም የተጫወተውንም ሰው ይጠብቃል። አጨዋወቱ እንዲቀዳ፣ ቅጂውም እንዲባዛ የመፍቀድ መብት አለው። አያ እገሌ ይህን አዋጅ አላነበቡ ይሆናል። ግን "እኛ መቼ ነው የምንሄደው?" ሲሉህ የጠየቁህ ይህንኑ ነው።

በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ የተሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ሁጎ ዜምፕ የተባለ ተመራማሪ ሰሎሞን ደሴቶች ውስጥ አንዲት ሴት እሹሩሩ ስትል ቀድቶ ለጥናት በሸክላ አሳተመው። ሴትዮዋ አፉናክዋ ትባላለች። በ1992 ዲፕ ፎረስት የሚባሉ ፈረንሳውያን ያንን ድምፅ ወስደው ከሥሩ ከበሮና ሲንተሳይዘር አደረጉበት። ልክ አንተ እንዳደረግከው! ዘፈኑ በዓለም ዙሪያ ተሸጠ፣ ተጨፈረበት። ተመራማሪው ያለ ፈቃድ ነው የወሰዱት ብሎ በጽሑፍ ተሟገተ። ዛሬ ዘፈኑን ሚሊዮኖች ያውቁታል፤ አፉናክዋ የሚለውን ስም ግን ካንተ ጋር እስክናወራ ድረስ ሰምተኸው ታውቃለህ?

ፈረንጅ ሲያደርገው "ዘረፉን" እንላለን። ሐሙሲት ላይ አንዱ ጎረቤት በሌላው ጎረቤት ላይ ሲያደርገውስ ምን እንበለው?

በሌላ በኩል ደግሞ የኃይሉ መርጊያን ካሴት ያገኘውን ሰው ተመልከት። ካሴቱ በእጁ ነበር፤ ዝም ብሎ ሊያባዛው ይችል ነበር። እሱ ግን ስልክ ደወለ። አሳታሚ ድርጅቱም ትርፉን ከባለ ሥራው ጋር ግማሽ በግማሽ በመካፈል ይታወቃል። መንገዱ ይሄ ነው።

እና ምን ታድርግ? በጓሮ መዞሩን ተው። ስኳርና ቡና ይዘህ ቤታቸው ግባ። ላፕቶፑን ክፈትና አራቱንም ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማቸው። ያልወደዱት ቦታ ካለ ስማቸው። ቀጥሎ ሁሉንም በግልጽ ንገራቸው፦ ማን እንደጠራህ፣ ስንት እንደሚከፍሉህ፣ ስንት ደቂቃ እንደምትጫወት። ከዚያ በወረቀት ላይ አድርጉት። ስማቸው በሙዚቃው ላይና በዝግጅቱ ፕሮግራም ላይ እንዲጻፍ፤ ማሲንቆአቸው ካለበት ሙዚቃ የሚገኘው ገንዘብ እንዲከፈል። እኔን ከጠየቅከኝ እኩሌታ! ሁለት ሰው ይመስክር፣ እሳቸው ካልፈረሙ አሻራ ያድርጉ፣ አንዱ ቅጂ እሳቸው ቤት ይቀመጥ። "አንተ እኮ ልጄ ነህ፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል" ይሉሃል። አንተ ግን ጻፍ። ወረቀቱ የሚያስፈልገው እናንተ ስትጣሉ ብቻ አይደለም። እሳቸው አንድ ቀን ባይኖሩ ልጆቻቸው ምን እንደሚገባቸው እንዲያውቁ ነው።

ጥያቄያቸው ግን "ስንት ታካፍለኛለህ?" አልነበረም። "መቼ ነው የምንሄደው?" ነው ያሉት። ስለዚህ ለአዘጋጆቹ አንድ ደብዳቤ ጻፍ፦ "ሙዚቃው የሁለት ሰው ነው፤ ማሲንቆ ተጫዋቹም አብረውኝ መጥተው በአካል ቢጫወቱ ይቻላል ወይ?" ለዚህ የምታወጣው ወጪ የለም። ላፕቶፕ ብቻ ከሚያቀርብ ሰው ይልቅ ከጎኑ ባለ ማሲንቆ የተቀመጠበት ሰው ለመድረኩም ይሻላል፤ ዓይናቸው ይከፈት ይሆናል። "አንችልም" ካሉ ደግሞ መልሱን ይዘህ ሄደህ ፊት ለፊት ንገራቸው፦ "ጠየቅኩ፣ እምቢ አሉኝ።" ያዝኑ ይሆናል። ግን ሳይጠየቅላቸው ከመቅረት ተጠይቆ መቅረት ይሻላል። "እናያለን" የሚለውን ቃል ለእሳቸው ሁለተኛ እንዳትደግመው።

የሠርጉ እቁብ

እቁቡን አትንካው። አለቀ!

ጋባዥ እኮ እሱ ነው። "ማደሪያና ምግብ እንችላለን" ያለህ ድርጅት ትኬቱን ጠይቀኸው ታውቃለህ? አልጠየቅክም፤ አፍረሃል። በጽሑፍ ጠይቅ፦ ትኬት፣ የቪዛ ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ የመጫወቻ ክፍያ በማን ነው? ራሳቸው ባይችሉ እንኳ የአርቲስት ጉዞ የሚደግፍ ተቋም አገራቸው ውስጥ ሊያፈላልጉልህ ይችላሉ። አዲስ አበባ ያሉትን የውጭ የባህል ተቋማትም፣ እነ ጎተ ኢንስቲትዩትንና አሊያንስን፣ ጠይቅ። አይከፈልም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ "ለመጫወት የመመዝገቢያ ክፈል" የሚል መልእክት ከመጣ ነገሩን ጠርጥር። ዝግጅቱ ባለፉት ዓመታት የት ተካሄደ፣ እነማን ተጫወቱበት፣ ብለህ ሳታጣራ ሳንቲም እንዳትልክ።

እጮኛህን በተመለከተ፣ "ሂድ" ያለችህ ስለምትወድህ ነው። ገንዘቡ ግን የሁለታችሁ ነው። ቪዛ ቢከለከል የከፈልከው አይመለስም፤ የአውሮፓው የሼንገን ቪዛ ክፍያ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ላይ ደምሩት። ለአማትህም ሌላ ሰው ከሚነግራቸው አንተው ሄደህ "እቁቡን አልነካሁም" በላቸው። ሰላምታው ያን ቀን ይመለሳል።

ጊዜን አትናቅ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መጠበቂያውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞት ነበር። ቀጠሮው ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኦገስት 2023 ወዲህ ክልሉ ባሳለፈው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እኔ ለአንተ አልነግርህም። ትርፍ ቀናት ያዝ፣ ደብዳቤዎችህንም በወረቀት አትመህ አስቀምጥ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መድረኩ ላይ

ሙዚቃህን በላፕቶፑ ብቻ አትያዝ፤ ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጥ፣ አንዱን በሻንጣ፣ አንዱን በኪስ። ከላፕቶፕህ ወደ ትልቁ ስፒከር የሚያገናኝ ምን ገመድ እንዳላቸው ቀድመህ ጠይቅ። ለሳውንድ ቼክ የተሰጠህን ሰዓት አክብር፤ የአበሻ ቀጠሮ እዚያ አይሠራም። ሠላሳ ደቂቃ ከተባልክ ሃያ ስምንት ተጫወት። ከመጀመርህ በፊት ማይክ ያዝና የአያ እገሌን ሙሉ ስም ጥራ።

የራስህን ተጫውተህ ሆቴል አትግባ። የእንዲህ ዓይነቱ ስብስብ ትልቁ ጥቅም የሌላውን መስማት ነው። ከኮሎምቢያ የመጣው፣ ከኢንዶኔዢያ የመጣው ልጅ የአያቱን መሣሪያ ከማሽን ጋር እንዴት እንዳስታረቀ ቁጭ ብለህ እይ፣ ጠይቅ፣ አድራሻ ተለዋወጥ። የሚቀጥለው ጥሪ ከዚያ ነው የሚመጣው። ጥሪው ደግሞ የግድ ከአውሮፓ አይሆንም፤ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት በኡጋንዳዋ ጂንጃ በ2015 የተጀመረው ኒዬጌ ኒዬጌ የአፍሪካን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች በየጊዜው ሲያሰባስብ ቆይቷል። አንተ ከጥቁር አባይ መነሻ ነህ፤ እነሱ ከነጩ!

"እዚያው ቅር" የሚሉህም አይጠፉም። ምርጫው ያንተ ነው፤ ታክሲ መንዳትም ክቡር ሥራ ነው። ግን በሙዚቀኛ ስም በተሰጠ ቪዛ መቅረት ከአንተ በኋላ በዚያው በር ሊገባ የተዘጋጀውን ልጅ እንደሚያስከለክል አስብ። እጮኛህም፣ አያ እገሌም የሚጠብቁት ተመላሽ ሰው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? የአዛውንቱ ድርሻ ስንት ቢሆን ይገባል? አዝማሪ ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም እንደዚህ ወጣት በላፕቶፕ የምትሠሩ ጻፉልን፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት እናስተናግዳለን። አንተም ወንድሜ፣ አዘጋጆቹ ምን እንደመለሱልህ አሳውቀን።

እስከዚያው ቸር ያሰንብተን!